የእንሽላሊቱ ምራቅና የሚንቀጠቀጥ እጅ

«የስኳር መድኃኒት ለፓርኪንሰን በሽታ ተስፋ ሰጠ።» እንዲህ ያለውን ርዕስ ባለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ግሡ ላይ ነው። «አዳነ» አይልም። «ፈወሰ»ም አይልም። «ተስፋ ሰጠ»፣ «ተያያዘ»፣ «ግንኙነት ታየ» ነው የሚለው። ጋዜጠኛው አልዋሸም። አንባቢው ግን፣ በተለይ አባቱ ስኒ ሲያነሡ ቡናው ጋቢያቸው ላይ የሚፈስባቸው አንባቢ፣ «ግንኙነት ታየ» የሚለውን «መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ነው የሚያነበው። ማን ይፈርድበታል?

እስቲ ይህ ርዕስ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አብረን እንየው። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ፤ ታሪኩ በነሱ አገር የተሠራ ነውና ወደኛ እየመለስኩ እንዳላምታታባችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከበረሃ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብና በሰሜን ሜክሲኮ ጊላ ሞንስተር የሚሉት እንሽላሊት አለ። ስሙን ያገኘው አሪዞናን አቋርጦ ከሚያልፈው ከጊላ ወንዝ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጥቁርና ብርቱካንማ ቆዳው ዶቃ የተሰፋበት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜውን መሬት ሥር ተኝቶ ያሳልፋል፣ ስቡን ጅራቱ ውስጥ ያጠራቅማል፣ በዓመት የሚበላውም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የነከሰ እንደሆነ ግን ቶሎ አይለቅም፤ እያኘከ ከታችኛው መንጋጋው መርዙን ያስገባል።

ይህን መርዝ ወደ መድኃኒትነት የወሰደው ሰው በረሃ የወረደ ጀብደኛ አይደለም። ጆን ኢንግ ይባላል፤ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የሚሠራ የሆርሞን ሐኪም ነበር። ሙያውን የተማረው ከሮዛሊን ያሎው ቤተ ሙከራ ነው። ያሎው ከባልደረባዋ ከሰለሞን በርሰን ጋር ደም ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ሆርሞን የሚለካ ዘዴ ፈጥራ በ1977 ኖቤል የተሸለመች ሴት ናት። ኢንግ ደግሞ እስካሁን ማንም ያላያቸውን ሆርሞኖች የሚያድንበት የራሱ ኬሚካዊ ወጥመድ ነበረው። የአንዳንድ እንስሳት መርዝ ቆሽትን እንደሚነካ ከዚያ በፊት ተጽፎ ስለነበር ወጥመዱን በመርዝ ላይ ሞከረው። በ1992 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከጊላ ሞንስተር መርዝ ያገኘውን ነገር አሳተመ፤ 39 አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩበት «ኤክሰንዲን 4» የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ስሙን እወደዋለሁ። ወደ ውጭ ከሚተፋ ዕጢ (ኤክሶክራይን) የወጣ፣ ሥራው ግን ወደ ውስጥ እንደሚረጭ ሆርሞን (ኤንዶክራይን) የሆነ ማለታቸው ነው፤ ሁለት ቃል ተጋብቶ የወለደው።

ይህ ነገር የሰው አንጀት ምግብ ሲገባበት ከሚያመነጨው ጂ.ኤል.ፒ 1 ከሚባለው ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል። የኛው ሆርሞን ቆሽትን «ስኳር መጣልሽ፣ ኢንሱሊን አውጪ» ይላታል፤ ለስኳር በሽተኛ ከዚህ የተሻለ መልእክተኛ አይገኝም። ችግሩ ዕድሜው ነው። ደም ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይፈራርሳል። የእንሽላሊቱ ግን ለሰዓታት ይቆያል። ሐኪሞቹ ሲፈልጉት የኖሩት ዕድሜ ያለው መልእክተኛ የተገኘው መርዝ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1923 የኢንሱሊን አግኝዎች በቶሮንቶ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሲያስተላልፉ የተቀበሉት በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር ነበር። ኢንግ ደግሞ ግኝቱን ይዞ መሥሪያ ቤቱ ቢሄድ መሥሪያ ቤቱ መብቱን ለማስመዝገብ ፍላጎት አላሳየም። ሰውዬው በራሱ ስም አስመዘገበው። ከዚያም ገዢ ፍለጋ ነው። የእንሽላሊት መርዝ የመሰለ ነገር ለሰው ልርጋ የሚል ኩባንያ እንደ ልብ አይገኝም፤ በ1996 ሳንዲያጎ ያለው አሚሊን የተባለ ኩባንያ ተዋዋለው። በሚያዝያ 2005 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «ባዬታ» በሚል የንግድ ስም ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ፈቀደው። የመድኃኒቱ መጠሪያ ኤክሰናታይድ ሆነ። የሚመረተው በኬሚስትሪ ነው፤ እንሽላሊት እየጨመቁ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ለውፍረት መቀነሻ ዓለም የሚሻማባቸው መርፌዎች የዚሁ ቤተሰብ ታናናሾች ናቸው።

ታዲያ ይህ የቆሽት መድኃኒት አንጎል ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

የጂ.ኤል.ፒ 1 መቀበያዎች ቆሽት ላይ ብቻ አይደለም ያሉት፤ አንጎልም ውስጥ አሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ኢንስቲትዩት የሚሠራው ናይጀል ግሬግና ባልደረቦቹ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኤክሰንዲንን በነርቭ ሕዋሳት ላይ ሲሞክሩ፣ ሕዋሳቱ መርዛማ ነገር ቢፈስባቸውም ቶሎ አልሞት አሉ። በ2009 ይኸው በአይጦች ታየ። አይጥ ግን በተፈጥሮዋ ፓርኪንሰን አይዛትም። በመርዝ ነው እንድትታመም የምትደረገው፤ መርዙም የተገኘው በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐሰተኛ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በአንድ ሰሞን እንደ ሐውልት ደርቀው ሐኪም ቤት ከመጡ በኋላ ነው። በአንድ ሰሞን መርዝ የታመመች አይጥ፣ ሕመሙ በሃያ ዓመት ቀስ እያለ የገባበትን ሰው እንዴት አድርጋ ትወክላለች? ይህን ጥያቄ ተመራማሪዎቹም ያውቁታል። ሌላ የሚጀምሩበት ቦታ ስለሌላቸው ነው።

ስለ በሽታውም ጥቂት ልበል። ጄምስ ፓርኪንሰን የለንደን ሐኪም ነበር፤ በወጣትነቱ በስውር ስም ፖለቲካዊ በራሪ ጽሑፎች የሚበትን፣ ንጉሡን ለመግደል ተዶለተ በተባለ ነገር በ1794 ለምርመራ የቀረበ፣ በትርፍ ጊዜው ቅሪተ አካል የሚሰበስብ ሰው። በ1817 ስለ «የሚንቀጠቀጥ ሽባነት» ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ የቆመችው በስድስት ሰዎች ታሪክ ላይ ነው። ከስድስቱ ሁለቱን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው፤ አንዱንማ ከሩቅ ነው ያየው። አካሄድ፣ ጎባጣ ወገብ፣ የእጅ መንዘፍዘፍ፤ አተራረኩ የደራሲ ነው ብል አላጋነንኩም። በሽታውን በስሙ የጠራው ግን እሱ ሳይሆን በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ሻርኮ ነው።

የበሽታው ምስጢር እስኪገለጥ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው አሳየ። ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በ1960 በበሽታው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ ተሟጦ አገኘው። በ1961 እሱና ሐኪሙ ቢርክማየር ሌቮዶፓ የተባለውን፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚሆን ንጥረ ነገር፣ ለበሽተኞች በደም ሥር ሰጡ። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ተነሡ፣ ሄዱ፤ ለጥቂት ሰዓታት። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በክኒን መጠኑን ቀስ እያሉ ከፍ በማድረግ ዘላቂ ሕክምና አደረገው።

ሌቮዶፓ ደግሞ መጀመሪያ የተገኘው ከየት መሰላችሁ? ከባቄላ! በ1913 ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ የባዝል ኬሚስት ከባቄላ ቡቃያ ለየው፤ ራሱ ላይ ልሞክር ብሎ ቢውጠው ክፉኛ አስታወከውና ጥቅም የለውም ብሎ ተወው። ባቄላ የጾማችን ጌታ ነውና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ግን ማንም ክኒኑን ጥሎ ወደ ሽሮ ድስት እንዳይሮጥ፤ ንጥረ ነገሩ በብዛት ያለው በለጋው ተክልና በእሸቱ ልጣጭ ነው፣ በደረቀው ፍሬ ጥቂት ነው።

ሌቮዶፓ እስከ ዛሬ ድረስ የሕክምናው ምሰሶ ነው። ሆኖም የጎደለውን ይሞላል እንጂ የሕዋሳቱን መሞት አያቆምም። የእንሽላሊቱ መድኃኒት ልዩ ተስፋ የነበረው እዚህ ላይ ነው፤ ምናልባት በሽታውን ራሱን ያዘገየው ይሆን የሚል። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። የቪየናው በሽተኛ ከአልጋ ሲነሣ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። «በሽታው እንደ ወትሮው ፍጥነት አልሄደም» ለማለት ግን ያላየነውን ነገር፣ መድኃኒቱ ባይሰጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር፣ ማወቅ አለብን። ይህ ደግሞ በአንድ ሰው ላይ ፈጽሞ አይታወቅም።

ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ቶም ፎልቲኒ የተባለ የነርቭ ሐኪም ሥራውን ያዘው። የመድኃኒቱ መብት በሌላ ሰው እጅ ያለና ዕድሜውም እየገፋ የሄደ ስለነበር ኩባንያዎች ብዙም አልጓጉለትም፤ ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ሙከራ 45 ሰዎችን ያሳተፈ ነበር። ግማሾቹ ያህል ለአንድ ዓመት በቀን ሁለት ጊዜ ኤክሰናታይድ ተወጉ፤ ሌሎቹ ምንም አልተወጉም። የተወጉት በእንቅስቃሴ መለኪያው 2.7 ነጥብ ተሻላቸው፤ ያልተወጉት 2.2 ነጥብ ባሰባቸው። ርዕሶቹ መውጣት ጀመሩ።

ያልተወጉት ያልተወጉ መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ የተወጉትም እንዲሁ። «ታዲያ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል፤ በሌላ በሽታ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። በ2001 የቫንኩቨር ተመራማሪዎች ለፓርኪንሰን በሽተኞች መድኃኒት ነው ብለው ባዶ መርፌ ወግተው አንጎላቸውን በምስል ተመለከቱ። አንጎላቸው ዶፓሚን ለቀቀ! እውነተኛ ዶፓሚን። በዚህ በሽታ ተስፋ ማድረግ ራሱ የጎደለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል ማለት ነው። በሽተኛው «ተሽሎኛል» ሲል አይዋሽም፣ አያስመስልምም፤ በእርግጥ ተሽሎታል። የተሻለው ከመርፌው ይሁን ከተስፋው ግን እሱም አያውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም። እኔ ስለዚህ በሽታ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያስገረመኝ የለም። በጠበል ተሻለኝ ያለውንና በክኒን ተሻለኝ ያለውን እኩል ዝም የሚያሰኝ ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ሙከራ ሐኪሙም በሽተኛውም በማያውቁበት መንገድ ተደረገ። 62 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ለ48 ሳምንታት ገሚሱ በሳምንት አንዴ ኤክሰናታይድ፣ ገሚሱ ባዶ መርፌ ተወጋ። ከዚያ መርፌው ተቋርጦ 12 ሳምንት ተጠበቀ። ውጤቱ በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲወጣ ልዩነቱ 3.5 ነጥብ ሆነ፤ ከ132 ነጥብ መለኪያ። በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ በሰው ኑሮ ግን? በሽተኞቹ ራሳቸው ስለ ኑሯቸው በተጠየቁት መለኪያ በሁለቱ መሐል ልዩነት አልታየም። ይህን ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ጽፈውታል፤ ትልቅ ሙከራ ያስፈልጋል ብለውም አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው ግን ርዕስ አይሆንም። ርዕስ የሆነው ተስፋው ነው።

ውሃ የወሰደው ሰው አረፋም ይጨብጣል። የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ የማተሚያ ቤት ፊደል የሚመስል ጽሕፈት የነበራቸው፣ ዛሬ ፊርማቸው ባንክ የማይቀበለው። ያን ሰሞን ልጃቸው ዜናውን አነበበና ዋሽንግተን ላለችው እህቱ ደወለ፤ «የስኳር መርፌውን ላኪ»። ሐኪማቸው አይሆንም አላቸው። እሳቸው ስኳር የለባቸውም። መርፌው ያቅለሸልሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ያከሳል፤ ፓርኪንሰን ደግሞ መጀመሪያውኑ ሰውን የሚያከሳ በሽታ ነው። «እኛ ዝም ብለን እንይ ማለት ነው?» አለ ልጅየው። ዝም ብሎ ማየት ለልጅ ከባድ ነገር ነው፤ ሐኪሙም ይህን ያጣው አይመስለኝም።

በ2020 ደግሞ ሌላ «ግንኙነት» መጣ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የመቶ ሺህ ያህል የስኳር በሽተኞችን መዝገብ ገልብጠው፣ የዚህን ቤተሰብ መድኃኒቶችና የቅርብ ዘመዶቻቸውን የወሰዱት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ከ36 እስከ 60 በመቶ ዝቅ ብሎ አገኙት። ቁጥሩ ያማልላል። ነገር ግን ለማን የትኛው መድኃኒት እንደሚታዘዝ የወሰነው ዕጣ አይደለም፤ ሐኪም ነው። ሐኪም ደግሞ ዕድሜን፣ ውፍረትን፣ ሌላውን ሕመም ሁሉ አይቶ ነው የሚያዝዘው። መዝገብ ይጠቁማል፤ አያስረግጥም። በሚያዝያ 2024 ፈረንሳዮቹ በ156 ሰዎች ላይ የሞከሩት ሊክሲሴናታይድ የተባለው የቤተሰቡ አባል ውጤት ወጣ። መድኃኒቱን የወሰዱት ከዓመት በኋላ ባሉበት ቆሙ፣ ባዶውን የወሰዱት 3 ነጥብ ያህል ወረዱ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን 46 በመቶው አቅለሸለሻቸው። እዚህ ላይ ነገር አጥብቄ ልጠይቅ፤ ያቅለሸለሸው ሰው እውነተኛው መርፌ እንደደረሰው አይጠረጥርም? ከጠረጠረስ ያ የቫንኩቨሩ ዶፓሚን የት ይሄዳል?

የለንደኑ ቡድን ትልቁን ሙከራ የጀመረው በዚህ መሐል ነው። 194 ሰዎች፣ ስድስት ሆስፒታሎች፣ 96 ሳምንታት። ወረርሽኙም መሐል ገባ። ውጤቱ በየካቲት 2025 ወጣ። ኤክሰናታይድ የተወጉት 5.7 ነጥብ ባሰባቸው፣ ባዶውን የተወጉት 4.5። እንዲያውም ባዶው በጥቂቱ ይሻላል፤ በስታቲስቲክስ ግን ልዩነት የለም ነው የሚባለው። ልዩነት የለም። ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ የቤተ ሙከራና የሆስፒታል ሥራ ያለቀው በዚህ ነው፤ ቢያንስ ለኤክሰናታይድ። በኅዳር 2025 ደግሞ ኖቮ ኖርዲስክ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ፣ ስሙ ከውፍረት መርፌ ጋር የሚጠራውን ሴማግሉታይድን በክኒን መልክ ለአልዛይመር ሞክሮ፣ ከ3,800 ሰዎች በላይ ባሳተፉ ሁለት ሙከራዎች የመርሳት በሽታውን እንዳላዘገየው አስታወቀ።

እንደ ጋዜጣ አንባቢ የታዘብኩት፣ የ2025ቱ ዜና የ2017ቱን ያህል ቦታ አለማግኘቱን ነው። ተስፋው በፊት ገጽ ወጣ፣ ማስተባበያው በውስጥ ገጽ፣ ያውም ከተገኘ። እኔ ግን ከሁለቱ የሚበልጥብኝ የኋለኛው ነው። ፎልቲኒ በራሱ እጅ ያሳደገውን ተስፋ በራሱ እጅ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «አልደፋም» ሲል ስሙን ጽፎበታል። ልጄ አስቀያሚ ነው ብሎ የሚጽፍ አባት አታገኙም። በሩም ጨርሶ አልተዘጋም፤ የትኛው መድኃኒት አንጎል ውስጥ በበቂ መጠን ይደርሳል፣ በሽታው በየትኛው ደረጃ ላይ ሳለ ቢጀመር የሚለው ጥያቄ አለ።

በዚህ ሁሉ መሐል የኛ አገር ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ባዶ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት ዞረው የ60,820 ሰዎችን የነርቭ ጤና ቆጥረዋል፤ የፓርኪንሰን በሽተኛ ያገኙት ከመቶ ሺህ ሰባት ያህል ነው። ከፈረንጆቹ ቁጥር ጋር ሲተያይ እጅግ ያነሰ ነው፤ አንዱ ምክንያት በሽታው ሽበት የሚፈልግ መሆኑ ነው፣ የዚያን ጊዜው ገጠር ደግሞ ሽበት የበዛበት አልነበረም። አሁን ዕድሜያችን እየረዘመ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ በ2022 ባወጣው ጽሑፍም ሌቮዶፓ ራሱ በብዙ ድሃ አገሮች እንደማይገኝ፣ ቢገኝም ዋጋው እንደማይቀመስ አመልክቷል።

የጡረተኛው መምህር ልጅ ስለ እንሽላሊቱ መርፌ መጠየቁን ትቷል። አሁን ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር የሚያስይዘው ያቺን የ1960ዎቹን ክኒን ነው። ባለፈው ሦስት ብልቃጥ መጣላቸው፤ መምህሩ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው አንዷን ይውጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀው፣ እጃቸው ሲረጋ፣ ቡናቸውን ራሳቸው ያነሣሉ።